ባቡሩ ጋ ለመድረስስ?

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ስለ ባቡሩ ነው፦ ተጨናነቀ፣ ዘገየ፣ ቆመ። እውነት ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ተገዝተውለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ግን አንድ ጥያቄ ሁሌ ይዘለላል፦ ሰው ባቡሩ ጋ የሚደርሰው እንዴት ነው? ከወረደስ በኋላ?

እንበልና ቤታችሁ ሰሚት፣ ሥራችሁ ሳር ቤት ነው። እስከ ሲኤምሲ በታክሲ፣ ከሲኤምሲ እስከ ሜክሲኮ በባቡር፣ ከዚያ እንደገና ታክሲ። ሦስት ጊዜ ወረፋ፣ ሦስት ጊዜ ሒሳብ። ኢኮኖሚክስ ስማር በደንብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ዋጋ ማለት ከኪስ የሚወጣው ብር ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቆመን የምናባክነው ጊዜም ዋጋ ነው። የባቡሩ ትኬት ርካሽ ነው። ውድ የሆነው እሱ ጋ መድረሱ ነው።

ሁለቱ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ጣቢያዎቹ 39 ናቸው። ሐዲዱ በአብዛኛው የተዘረጋው በአስፋልቱ መሀል ስለሆነ፣ ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ መኪና የሚበርበትን መንገድ መሻገር ግድ ነው። ከፍ ያሉት ጣቢያዎች ላይ ደግሞ ደረጃ አለ። ልጅ ላዘለች እናት ወይም በክራንች ለሚሄድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሲመሽስ? ከጣቢያው እስከ ሰፈር ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ፣ በተለይ ሴቶች ራይድ ለመጥራት ይገደዳሉ። በባቡር የተቆጠበችው ብር እዚያው ታልቃለች።

«መጀመሪያ ባቡሮቹ ይጠገኑ» የሚሉ አሉ። ይጠገኑ እንጂ! ግን መለዋወጫ ዶላር ይፈልጋል። ዜብራ ለመቀባትና የታክሲ ተራን ወደ ጣቢያው ለማስጠጋት የዶላር ወረፋ መያዝ አያስፈልግም። ደግሞም ባቡሮቹ ነገ ቢጠገኑ እንኳ ተሳፋሪው ጣቢያው ጋ መድረስ አለበት።

የኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ2000 እ.ኤ.አ. ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን ፈጣን አውቶቡስ ስትጀምር፣ ከዳር ሰፈሮች ወደ ዋናው መስመር ሰው የሚያመላልሱ መጋቢ አውቶቡሶችንም አብራ አሰማራች። ያኔ ለመጋቢው ለብቻ አይከፈልም ነበር፤ ሁሉም በአንድ ትኬት ነበር።

እኛስ? በእኔ እይታ ሦስት ነገር ይቅደም። አንደኛ፣ የታክሲና የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ከጣቢያው በር ጥቂት እርምጃ ላይ ይሁኑ፤ መሻገሪያውም መብራት ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ከጣቢያዎቹ ጋር ይገናኙ፤ ብስክሌት ቆልፎ ማቆሚያ ቦታም ይጨመር። ሦስተኛ፣ ቴሌብር ኪሳችን ውስጥ እያለ ለከተማ አውቶቡስና ለባቡር ለየብቻ መክፈላችን ይብቃ፤ አንድ ትኬት ሁለቱንም ያሳፍር።

በ39ኙም ጣቢያ በአንዴ ይጀመር አላልኩም። መገናኛና ሜክሲኮ ላይ ለስድስት ወር ይሞከር፤ ሰው ከቤት በር እስከ ሥራ በር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ከሙከራው በፊትና በኋላ ይለካ። ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ካልሠራ እናውቀዋለን፤ ከሠራ ደግሞ ወደ ቀሪዎቹ ጣቢያዎች ለመሄድ ሰበብ አይኖርም።