ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ምን አጠፋ?

«አባባ፣ ይሄኛው ካርድ የለውም። ጌም አያጫውትም። ለልጁ የሚሆነው ያኛው ነው።»

ተናጋሪው ፍኖተ ሰላም ላይ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጥ ጎረምሳ ነው። አባባ የተባሉት ደግሞ ከወንበርማ በኩል በበርበሬ ብር ለልጃቸው ኮምፒውተር ሊገዙ የመጡ ገበሬ ናቸው። «ያኛው» የይሄኛውን እጥፍ ይጠራል። እኔ ቻርጀር ፍለጋ ገብቼ ጥግ ቆሜያለሁ። አባት ትንሽ አሰብ አደረጉና «ካርዱንማ ወር በወር እኔ እሞላለታለሁ፣ ለሱ አታስብ» አሉ። ሻጩ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አባትና ልጅ ሳይገዙ ወጡ፤ እኔም ቻርጀሬን ትቼ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያ ሳቅ እየመጣ ያናድደኛል።

ሻጩ ያለው ውሸት ነው። ለብቻው የተሰካ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ሥዕል ማውጣት ባይችል ኖሮ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የወጡት የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሥዕሉን የሚሠራውን ክፍል በሆዳቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሱቆች ውስጥ ከተደረደሩት ያገለገሉ ኮር አይ ፋይቮች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የዚህ ክፍል ድህነቱ አንድ ነው፤ የራሱ ሚሞሪ የለውም። ከኮምፒውተሩ ራም እየተበደረ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም ብቻ ተሰክቶ ከሆነ ፕሮሰሰሩም እሱም ይራባሉ፤ ጌሙም ስታክ ያደርጋል። ጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ተመሳሳይ ራም ሲሰካ ግን መጠኑ ከመጨመሩም በላይ መረጃው በሁለት መስመር መመላለስ ይጀምራል፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች መቀናጆ ገብተው ማሳቸውን እንደሚያርሱት ማለት ነው። ከዚያ የጌሙን ጥራት ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ፣ ጥላና ነጸብራቅ የሚለውን ማጥፋት፤ አለቀ። ሻጩ ከመሳቅ ይልቅ ይህን ቢነግራቸው አባትየው ወዲያው ይገባቸው ነበር። መቀናጆን ከሱም ከኔም የበለጠ ያውቁታል።

«ታዲያ ምን ያጫውታል?» ትሉኝ ይሆናል። የዚህ አገር ልጅ ጂቲኤ ሲል አሁንም ሳን አንድሬስን ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለኮምፒውተር ሲወጣ የጠየቀው 256 ሜጋ ራምና 64 ሜጋ የሥዕል ሚሞሪ ነበር፤ ዛሬ ርካሽ የሚባለው ስማርት ስልክ እንኳ ከዚህ ብዙ ይበልጣል። ዲስክ ላይ የሚይዘው 3.6 ጊጋ ስለሆነ ባለ 8 ፍላሽ ላይ ከሁለት የህንድ ፊልም ጋር ይገባል። ሙዚቃ ቤቶቻችንም ሲያዳርሱት የኖሩት እንደዚሁ በፍላሽ ነው (የቅጂ መብቱ ነገር ለሌላ ሳምንት ይቆየን)። ኳስ ለሚወድ ፔስ 2013 አለ፤ ቫን ፔርሲ እዚያ ጡረታ አልወጣም፣ አሁንም ይሮጣል። ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ተሰልፎ በጨዋታ ሂሳብ ከሚከፍል ልጅ እቤቱ ከወንድሙ ጋር በአንድ ኪቦርድ የሚፋለመው ምን ቀረበት?

ከነዚህም የሚያረጁ አሉ፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት የእ.ኤ.አ. 1999 ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን ሮለርኮስተር ታይኩንን ክሪስ ሶየር የሚባል ስኮትላንዳዊ ከሞላ ጎደል ሙሉውን በአሴምብሊ ጻፈው። ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ በየእርምጃው ራሱ እየነገረው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ መዝናኛ ፓርኩ በጎብኚ ተጨናንቆ ሲርመሰመስ ጨዋታው አይንገዳገድም ነበር። ደካማ ማሽን ይዞ የሠራ ሰው እያንዳንዷን ነገር አስቦ ነው የሚያስገባት። አሁን ጉልበቱ ስለተገኘ ማሰቡ ቀርቷል፤ መቶ ጊጋ የሚፈጅ ጌም ከፍቼ ያየሁት ብዙውን ጊዜ የሚያብረቀርቅ የዝናብ ኩሬ ነው።

የተኩስ ጨዋታው ካውንተር ስትራይክ 1.6 ደግሞ ኢንተርኔት አይለምንም። ላፕቶፖቹን በኔትወርክ ገመድ ማያያዝ ይበቃል። ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በተከፈቱ ቁጥር «አካውንትህን አስገባ» የሚሉት ዘመናዊ ጌሞች ከደጅ ቀሩ። ቡሬ አንድ ግቢ የተከራዩ ተማሪዎች ላፕቶፖቻቸውን አያይዘው ሲታኮሱ ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ማታ ውጭ እውነተኛው ተኩስ ሲጀምር አንደኛው ተነስቶ የስፒከሩን ድምፅ አጠፋ። «የውጭው ይበቃል» አለ። ጨዋታውን ግን አላቋረጡም። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ካርድ ካርድ የሚሉን ሰዎች ዋጋውንስ ያውቁታል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካርዱ የሚመጣው በዶላር ነው፤ በርበሬው የሚሸጠው በብር። አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ካርዳቸው በቀይና በሰማያዊ መብራት እያንጸባረቀ፣ «እሱ እኮ ጌም አይባልም» ብለው የሚጽፉልኝ ወጣቶች አሉ። ይጻፉ።

የከረመው ጠቤ ከነሱ ጋር አይደለም። የዚህ ዓምድ ደንበኞች የምታውቁት ነው፤ የተቆለፈው የአይሲቲ ክፍል። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ፣ ሰውዬው ስብሰባ። አንድ ርእሰ መምህር፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ሶሊቴርንና ማይንስዊፐርን ከሁሉም ኮምፒውተሮች እንዳስጠፉ በኩራት ነገሩኝ። ልጆቹ እንዳይዘናጉ! ሶሊቴር እኮ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ሲመጣ ማውስ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ይዞ መጎተትንና መልቀቅን ሳያውቀው አስተምሮታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ የጨበጠበት ቀን የፈተናው ቀን የሆነበትን የገጠር ልጅ አስቡት። ቀስቷ የስክሪኑ ጥግ ገብታ ስትጠፋበት የፊዚክሱ ጥያቄ ገና አልተነበበም። ለዚህ ልጅ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ካርታ ድርደራ፣ ሰሌዳ ላይ ስለ ሃርድዌርና ሶፍትዌር ልዩነት ከሚገለበጥ ማስታወሻ ይሻለው ነበር። ርእሰ መምህሩ «የመንግሥት ንብረት ለጨዋታ አይውልም» አሉኝ። ቡናችንን ጠጥተን ተለያየን።

ስለ ገጠር ልጅ ካነሳሁ አይቀር፣ ቡሬ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ዘመድ አለኝ። እሑድ እሑድ አገር ቤት ሄዶ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። ባለፈው ልጠይቀው ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የእንጀራው አገልግል ገና ሳይፈታ፣ ላፕቶፑ ላይ አትክልት ያጠጣል። ጨዋታው ስታርዲው ቫሊ ነው፤ የእርሻ ጨዋታ። ትቆፍራለህ፣ ትዘራለህ፣ ታጠጣለህ፣ ትሸጣለህ። አከራዩ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩና «አንተ ልጅ፣ የእናትህ ጓሮ ውሃ ተጠምቶ አንተ እዚህ ታጠጣለህ?» አሉት። እኔም ያንኑ ላለው ነበር፤ ቀደሙኝ።

ልጁ አልተናደደም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው» አለኝ። በቆሎ እዚያ በ14 ቀን ያፈራል፤ እኛ ዘንድ ግንቦት ተዘርቶ እስከ ኅዳር ይጠበቃል። በርበሬው በ5 ቀን ይደርሳል። በረዶ አይመታውም። «ከሁሉ ከሁሉ» አለ፣ «ማዳበሪያ ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ። ረቡዕ ባለሱቁ ይዘጋል እንጂ ማዳበሪያ አለቀ አይባልም።» በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ፍለጋ የተንከራተተ ገበሬ ልጅ ነው ይህን የሚለኝ። እትዬ ገብተው ተቀመጡና ሽንኩርቱ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁት ጀመር።

ይህን ጨዋታ ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ብቻውን ነው የሠራው። ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ኮዱንም። ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፤ በሚሊዮኖች ተሸጠ። የሚጠይቀው 2 ጊጋ ራምና ግማሽ ጊጋ ዲስክ ነው። እንግዲህ ልጠይቅ፦ ጥማድ በሬ፣ ደቦ፣ የበርበሬ ገበያ፣ የማዳበሪያ ወረፋ ያለበትን ጨዋታ፣ ጅጋንና ደምበጫን፣ ወንበርማንና ብር ሸለቆን የሚያውቅ ልጅ እንዳይሠራው የጎደለው ምንድን ነው? ካርድ ነው? ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ በነፃ ይገኛል፤ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ያገለገለ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል።

እርሻው ከበዳችሁ ገበጣ አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ዘመዶቹ ረጅም ጥናት አውጥተዋል፤ አጨዋወቱ እንደየአገሩ ስንት ዓይነት እንደሆነ እዚያ ታዩታላችሁ። ጉድጓድና ጠጠር፣ መዝራትና መቁጠር፤ ለኮምፒውተር ከዚህ የቀለለ ሥራ አላውቅም። አዲስ አበባ ያለው የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠዋን ዶሮ ኩኩሉን በስልክ አጫውቶናል፤ ገበጣንም ሞክሮታል። ይበል ያሰኛል። ነገር ግን የጎጃም ገበጣ በጎጃም ሕግ፣ ካረጀ ላፕቶፕ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ የሚጫወተው እስካሁን እጄ አልገባም።

ቡሬ ካምፓስም ያላችሁ፣ ፍኖተ ሰላምም ያላችሁ፣ በክረምቱ ዕረፍት የሞከራችሁት ካለ፣ ያላለቀም ቢሆን፣ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ አድርሱኝ። የኔ ላፕቶፕ ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። እሱ ላይ ስታክ ካደረገ እንድታስተካክሉት መልሼ እልክላችኋለሁ።