“ሁሉም” ስንት ሰው ነው?

በየዓመቱ አዲስ የፊዚክስ ተማሪዎች በቤተ ሙከራችን ውስጥ በፔንዱለም የመሬትን ስበት ይለካሉ። የምንሰጣቸው መሣሪያ ክር፣ አነስተኛ ክብደት፣ ማስመሪያና ስቶፕ ዎች ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገኘው ውጤት ከቡድን ቡድን መለያየት ይኖርበታል፤ አንዱ 9.6፣ ሌላው 9.9፣ ሦስተኛው 9.7 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ቢያገኝ የሚጠበቅ ነው። የሚሰበሰበው ሪፖርት ግን ለብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር 9.81 ይል ነበር። አንድ ቀን በጠረጴዛዎቹ መካከል ስንዘዋወር አንድ ተማሪ የጻፈውን 9.62 በላጲስ ሲያጠፋ አየነውና ምክንያቱን ጠየቅነው። “ሁሉም እኮ 9.81 ነው ያገኙት” አለን።

ተማሪው በአግባቡ ለክቶ ነበር። የሚያስገርመው ደግሞ 9.81 ራሱ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚገኙ የአውሮፓ ከተሞች የሚስማማ ቁጥር መሆኑ ነው። ለምድር ወገብ ቀርባ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የስበቱ ልክ 9.78 ገደማ ነው። ክፍሉ በሙሉ የተስማማበት ቁጥር እንግዲህ ከመጽሐፍ የተገኘ እንጂ ከፔንዱለሙ የተገኘ አልነበረም።

የአቻ ግፊት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ሲጋራ የሚያቀብል እጅ ወይም “ፈሪ!” የሚል ስድብ ነው። እንዲህ ያለው ግፊት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ቢያንስ ግን ፊት ለፊት ይታያል። በእኛ እምነት ይበልጥ የሚያሰጋው ድምፅ የሌለው ግፊት ነው። ያን ተማሪ ማንም “አጥፋው” አላለውም። ሌሎቹ በአንድ ቃል ሲናገሩ በገዛ ዓይኑ ላይ ጥርጣሬ ስላደረበት ብቻ አጠፋው።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ምሁራን አንዱ በፖላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሶሎሞን አሽ ነው። አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጦ፣ አንድ መስመር ከሦስት መስመሮች ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ቀላል ስለነበር ሰው ለብቻው ሲጠየቅ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳትም። በቡድኑ ውስጥ ግን እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀሩት አስቀድመው ተመካክረው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር። ተፈታኞቹ እንዲህ ባሉት ጥያቄዎች 37 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ብዙኃኑን ተከትለው ተሳሳቱ። ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸነፉ፤ ከአራቱ አንዱ ግን አንድም ጊዜ አልተበገረም።

አሽ የተቃራኒዎቹን ቁጥር እየለዋወጠም ሞክሯል። አንድ ሰው ብቻ ሲቃረን ተፈታኙ እምብዛም አይናወጥም። ሁለት ሲሆኑ ስህተቱ ወደ 14 በመቶ፣ ሦስት ሲሆኑ ወደ 32 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በላይ ሰው ቢጨመር ግን ብዙ ለውጥ የለም። እንግዲህ “ሁሉም ያደርገዋል” ስንል “ሁሉም” ያልነው ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ በዶርሙ ውስጥ “ጫት ሳትቅም ሌሊቱን እንዴት ልታነብ ነው?” ሲባል፣ መላው ግቢ የሚቅም መስሎ የሚታየው በክፍሉ ያሉትን ሦስት ጓደኞች እያየ ነው።

ሌላው ግኝት የበለጠ ተስፋ ይሰጣል። በፊዚክስ ግፊት ማለት ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል። በአሽ ሙከራ እውነቱን የሚናገር አንድ አጋር ለተፈታኙ ሲጨመርለት ስህተቱ የወረደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው።

የዚህን እውነትነት እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ቀምሰነዋል። በአንድ ሴሚናር ላይ ተናጋሪው ረጅም ስሌት ጽፎ “ግልጽ ነው?” ሲል ተሰብሳቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም ያልገባን እኛም ነቀነቅን። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አንሥታ “ሦስተኛው መስመር አልገባኝም” አለች። ያን ጊዜ የሌላ አራት ሰው እጅ ተነሣ፤ አንዱ የእኛ ነበር። በሦስተኛው መስመር ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተምታቶ ተገኘ።

በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ይህ ሁሉ ይበረታበታል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ላይ ታዳጊዎች እኩዮቻቸው አብረዋቸው ሲሆኑ ለብቻቸው ከሆኑበት ጊዜ እጅግ የበለጠ አደጋ ይደፍሩ ነበር፤ ከ24 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ግፊት የሚሰማችሁ ወጣቶች ደካሞች ናችሁ ማለት አይደለም፤ ዕድሜው ያመጣው ነው።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚል ሕዝብ ልጆች ነንና መተባበርን አንነቅፍም። ነገር ግን በመተባበርና በመገለባበጥ መካከል ልዩነት አለ። በፈተና አዳራሽ “አሳየን” ሲባል እምቢ ያለ ተማሪ “ስስታም” ይባላል፤ ኩረጃ የጓደኝነት መለኪያ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ መሆኑን አንክድም። ሆኖም የጓደኛ መልስ ለብቻ በተቀመጡበት ወንበር ላይ እንደማይገኝ ያን ዕለት ብዙዎች ሳይረዱት አልቀሩም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ “ሁሉም” የተባሉትን ቁጠሯቸው። ሁለተኛ፣ የጎረቤትን ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ወስናችሁ ጻፉ፤ በአሽ ሙከራም መልሳቸውን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ የሰጡት ብዙኃኑን የተከተሉት በጣም ባነሰ መጠን ነው። ሦስተኛ፣ ብቻውን “አይሆንም” ያለ ጓደኛ ስታዩ ሁለተኛ ሁኑለት። የመጀመሪያው መሆን ጀግንነት ይጠይቅ ይሆናል፤ ሁለተኛ መሆን ግን ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።

በቤተ ሙከራችን ዛሬ ላጲስ የተከለከለ ነው። ተማሪዎች ያነበቡትን በእስክሪብቶ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ከዚያ ይወያያሉ። ውጤቶቹ ይለያያሉ፤ ሠላሳ ተማሪዎች ለየብቻ ሲለኩ ግን ስህተታቸው እርስ በርሱ እየተጣፋ አማካዩ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሲገለባበጡ አንድ ልኬት ሠላሳ ጊዜ ተጻፈ ማለት ብቻ ነው። አገርም የምትፈልገው የሠላሳውንም ልኬት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ 9.62 ቢሆንም እንኳ።