አዲስ ዘር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይሞከርም

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ መጠን ወይም ስለ መርጫ ሰዓት አልጽፍም። ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጉዳይ አለ፤ የራሴን ሀሳብ ልንገራችሁ። ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አዲስ የቲማቲም ዝርያ ይዤ አንድ ጎበዝ አርሶ አደር ጋ ሄድኩ። እኛ “ሞዴል” የምንላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። “ጋሼ፣ እርስዎ ከሞከሩት ሌላው ይከተላል” አልኳቸው። እምቢ አላሉኝም፤ ከማሳቸው ግማሹን ሰጡት። ቲማቲሙ ጥሩ ይዞ ነበር፤ ኋላ ግን ከጎረቤት ማሳ የተነሳ ተባይ ገባበት። የተረፈውን ደላላ በፈለገው ዋጋ ወሰደው። ጋሼ ለነዳጅና ለመድኃኒት የተበደሩትን ለመክፈል አንድ በሬ ሸጡ። የእኔ ደመወዝ ግን አልጎደለም። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር “አዲስ ዝርያ” ስል ሰው ፈገግ ብሎ ያልፈኛል። እውነታቸውን ነው።

ጥፋቱ የዝርያው አልነበረም፤ የጋሼም አልነበረም። የብዙ ሰው ሥራ የሆነውን ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባል የለ? ስለዚህ ሀሳቤ ይህ ነው፦ አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ መሄድ ያለበት እድሩ፣ እቁቡና ማኅበሩ ጋ ነው።

ለምን ትሉኝ ይሆናል። ከሥራችሁ ሦስት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው የሽንኩርት ዘር ነው። ለአንድ ሄክታር 4 ኪሎ ገደማ ዘር ያስፈልጋል፤ ዋጋውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥሩ ጥሩውን ራስ ሽንኩርት መርጦ መልሶ በመትከል ዘሩን ራስ ማምረት ይቻላል፤ ጥሩ ገቢም አለው። ችግሩ ንቧ ናት። አንዱ አዳማ ሬድ፣ ጎረቤቱ ቦምቤይ ሬድ ለዘር ካበቀለ ንብ ታዳቅላቸዋለች፤ ዘሩም ይቀላቀላል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው 1 ኪሎ ሜትር ከየት ያመጣል? ሰፈሩ ግን ተሰብስቦ “ዘንድሮ ለዘር የምናመርተው ይህን አንድ ዝርያ ብቻ ነው” ቢል ችግሩ ያለ ምንም ወጪ ይፈታል።

ሁለተኛው ያኔ የጋሼን ማሳ የጨረሰው ቱታ አብሶሉታ ነው። ይህ ተባይ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ስለሚበላ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ደጋግማችሁ አንድ ዓይነት መድኃኒት ስትረጩ ደግሞ ይለምደዋል። አንተ ማሳህን አጽድተህ ጎረቤትህ የለቀመውን ቲማቲም ግንዱን እንዳለ ከተወው የእሳት እራቷ ከዚያ ተነስታ ትመጣለች። አጥር አያግዳትም።

ሦስተኛው ለእናቶችና ለእህቶች ነው። የዶሮ ፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ሩቅ አገር አይደለም። ነገር ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስምንት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ብትገዛው ኪሳራ ነው። የሴቶች እቁብ አባላት በአንድ ቀን ዶሮዎቻቸውን ቢያስከትቡ ግን ለእያንዳንዷ የሚደርሳት ወጪ ትንሽ ነው። እንቁላል ሽያጭ እንጀምር የምትሉ እህቶች ከዚህ ጀምሩ።

ይህ ሀሳብ ከእኔ ጭንቅላት ብቻ የወጣ አይደለም። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልና የአዳሚ ቱሉው ማዕከል በጃፓኑ ጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 የአርሶ አደር የምርምር ቡድን በሚል አሠራር ሠርተዋል። ገበሬው፣ ተመራማሪውና የልማት ሠራተኛው አብረው ችግሩን ይመርጣሉ፤ ሙከራው በገበሬው ማሳ ላይ ይካሄዳል፤ ጥሩና መጥፎውን አብረው ይለያሉ። በገበያ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመውን የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን አስቡ። በዱግዳና በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ያሉ አትክልት አምራቾች በየመሠረታዊ ማኅበራቸው ሆነው የመሠረቱት ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይደርስበት ገዢ ጋ አብሮ መድረስ ይቻላል ማለት ነው።

“አደረጃጀትማ ስንቱን አየን!” እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ለአምስትን ታስታውሱታላችሁ። ብዙ ቦታ የስም ዝርዝሩ ከላይ ወረደ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ በቃ። ሲፈርስ ያለቀሰለት የለም። እድር ግን ማንም ሳያዝዘው ይቆማል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። ይህን ያህል መተማመን እያለን ለሐዘን ብቻ መጠቀማችን ያሳዝነኛል።

እንዴት እንጀምር? እኔ የማስበው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ የእድሩን የቀብር ገንዘብ እንዳትነኩ! ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ያ ብር ለሙከራ አይደለም። ለብቻው የሙከራ መዋጮ ክፈቱ። 80 አባል በወር 25 ብር ቢያዋጣ 2,000 ብር ነው፤ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ትንሽ ሙከራ ለመጀመር፣ ቢከስርም የማንንም በሬ ሳያሸጥ ለማለፍ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሙከራው ትንሽ ይሁን። 10 በ10 ሜትር መሬት ላይ አዲሱን ዝርያ፣ ከጎኑ ነባሩን በተመሳሳይ ቀን ትከሉ፤ ማዳበሪያውም ውኃውም እኩል ይሁን። ወጪውን ጻፉ፤ ምርቱን በአንድ ሚዛን መዝኑ። በምርት ቀን አባላቱ ሁሉ መጥተው በዓይናቸው ይዩ።

ሦስተኛ፣ ደቦውን ለተባይ አውሉት። ቲማቲም ተለቅሞ ሲያልቅ ቀን ቆርጣችሁ የሰፈሩን ቅሪት በሙሉ በአንድ ቀን ነቅላችሁ አስወግዱ። ለአጨዳ የምንጠራራ ሰዎች ለዚህ የማንጠራራበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ማኅበራችሁን ጠይቁት። ብዙው የኅብረት ሥራ ማኅበር በማዳበሪያ፣ በስኳርና በዘይት ማደያነት ብቻ ነው የሚታወቀው። ግን እኮ ማኅበሩ የእናንተ ነው፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጃችሁን አውጡና “ዘር በጅምላ ግዙልን፣ ምርታችንን አብረን እንሽጥ” በሉ።

ሁለት ስጋት አለ፤ አልደብቃችሁም። አንዱ የገንዘብ ነው። መዋጮው በባንክ በሁለት ፊርማ ይቀመጥ፤ ሂሳቡም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሌላው የእኛው ባህል ነው። አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌዎቻችን “ይሄ በአባቶቻችን ያልነበረ ነው” ብለው የወጣቱን ሀሳብ ገና ሳይጀመር ይዘጉታል። አባቶቼ፣ በአክብሮት እለምናችኋለሁ፦ ያችን 10 በ10 ሜትር ለወጣቶቹ ስጧቸው። ቢሳሳቱ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ቢሳካላቸው ግን ሰፈሩ ሁሉ ይማራል። መሬት የሌለው ልጃችሁም ችግኝ አፍልቶ መሸጥን ከዚያ ይጀምራል።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል፦ ለፎቶ የሚሆን ሞዴል ማሳ መፈለጉን እንቀንስና በእድር ቀን ጥግ ላይ ተቀምጠን እናዳምጥ። ተራ ሲደርሰን አሥር ደቂቃ ብንናገር ይበቃናል።

እኔ በሚቀጥለው ወር ጋሼ ባሉበት እድር ላይ ለመቅረብ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያ ስለ ትንሿ የሙከራ መሬት እናወራለን። እናንተም እድራችሁ ሲሰበሰብ ይህን አንብቡላቸው። ምን እንደተባለ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ተቃውሞም ቢሆን።

መልካም የሥራ ሳምንት!