ከዋጋው በፊት ነጥቡ ይቆጠር

ከአንኮበር ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ዋነኛ የገበያ በር ነበረች። አርጎባው፣ ሐረሬው፣ አፋሩና አማራው ይገበያዩባት የነበረው በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ነው። በዚያ ዘመን ጠገራ የሚቀበል ነጋዴ ብሩን ዝም ብሎ መቀነቱ ውስጥ አይከትም። በማሪያ ቴሬዛ የራስና የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይቆጥራል፤ የተፋቀ ወይም የጎደለ ከሆነ ይመልሳል። የዋጋ ክርክር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያነሳነው ስለ ሥዕል ጨረታ ለመነጋገር ነው። ለእኛ ነጋዴዎች ጨረታ ማለት የታሸገ ኤንቨሎፕ፣ ሲፒኦ፣ የባንክ ሐራጅና የሊዝ መሬት ነው። በ1985 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በጨረታ መሸጥ ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት በቤጂንግ ቻይና ጋርዲያን የተባለ አጫራች ኩባንያ ተቋቋመ። ቻይናውያን የዘመናዊ ሠዓሊዎቻቸውን ሥራና የቁም ጽሕፈታቸውን በገዛ አገራቸው መዶሻ መሸጥ ያዙ። ዛሬ የሥዕል ገበያቸው ከዓለም ታላላቆች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ መዶሻ ብቻውን ዋጋ አያጸናም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የቺ ባይሺ የንስር ሥዕል በ425.5 ሚሊዮን ዩዋን ተጨረተ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። በኋላ ግን ሥዕሉ የእውነት የእርሱ ነው ወይ የሚል ጥርጣሬ ተነሣና ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል ቀረ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የዚሁ ሠዓሊ 12 የመልክዓ ምድር ሥዕሎች በ931.5 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጡ። እነዚህን ሠዓሊው ለአንድ የቤጂንግ ሐኪም የሰጣቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ሠዓሊው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክር መኖሩ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምህረቱ በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንድ ሥዕሏ በኒውዮርክ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ደስ ይላል። ነገር ግን ዋጋው የተቆረጠው ኒውዮርክ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የሥዕል ሽያጭ በአብዛኛው በጋለሪ፣ በሠዓሊው ቤትና በትውውቅ የሚያልቅ ነው። ለመሆኑ ባሏ ሠዓሊ የነበረ አንዲት ባልቴት ግድግዳዋ ላይ ያለውን ሥዕል ለመሸጥ ብትቸገር፣ «ባለፈው ወር ይህን መሳዩ በዚህ ዋጋ ሄዷል» ብላ የምትከራከርበት ምን ወረቀት አላት? የለም። ስለዚህ ደላላው የጠራላትን ትቀበላለች። የአፈወርቅ ተክሌ ወይም የገብረክርስቶስ ደስታ ሥራ ነው ተብሎ የቀረበለት ገዢም በሌላ በኩል ያንኑ ያህል በጨለማ ይገዛል።

ቡናን እንመልከት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢው ጆንያውን ሳይፈታ እንዲገዛ ያስቻለው ደረጃ የሚሰጥ ሦስተኛ ወገንና የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ሥዕል እንደ ቡና በደረጃ አይመደብም፤ ደረሰኝ ግን ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። ከማናችንም በፊት ይህን ያስተማረችን መቅደላ ናት። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ቅርስ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን አጫረተ፤ ከዚያ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ገደማ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ጨረታው ግን ዝርፊያውን ሕጋዊ አላደረገውም። ከ153 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ ከዚያው የወጡ ዕቃዎች በእንግሊዝ ዶርሴት ለጨረታ ሲቀርቡ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመና ከሽያጭ ተነሡ፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በይፋትና በአንኮበር ደብሮች ዙሪያ ብራናና መስቀል ለሚያፈላልጉ ደላሎችም ትምህርቱ ይኸው ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ እኛ የምንለው የዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሥራ ነው።

አንዳንዶች «ሥዕል ወለድም ትርፍ ድርሻም አይከፍል፤ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ገንዘቡን ነገ የሚፈልግ ሰው ሥዕል አይግዛ። ሆኖም ቤት ሠርቶ ግድግዳውን የሚያስጌጥ ሰው ገንዘቡን በሚመለስ ነገር ላይ ቢያውል ምን ይጎዳዋል?

ስለዚህ አጫራች ቤት እናቋቁም ለሚሉ ባለሀብቶች የምንለው አዳራሹ ይቆያችሁ ነው። አስቀድማችሁ ሦስት ነገር አሰናዱ። ሥዕሉን የሚመረምር፣ ከኮሚሽኑ ሳንቲም የማይነካ ባለሙያ፤ ሥዕሉ ከሠዓሊው እጅ ጀምሮ ያለፈበትን የሚያሳይ መዝገብ፤ የተሸጠውም ያልተሸጠውም ዋጋ ሳይደበቅ በየጊዜው የሚታተምበት ዝርዝር። እነዚህ ካሉ ገዢው ራሱ እጁን ያነሣል። ከሌሉ ግን መዶሻው የሚሰማው አንድ ቀን ብቻ ነው። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነጥቡን ሳይቆጥር ብር አልተቀበለም፤ እኛስ ሳንቆጥር ለምን እንከፍላለን?