የዲስክ ተራና የዲስክ ቁጥር

ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ «ከግራ በኩል ሦስተኛው ኮንቴይነር የእኔ ነው» ብሎ አይጠይቅም። ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ በክሬን ተነሥቶ ሰባተኛ ሊሆን ይችላልና። የሚያቀርበው በኮንቴይነሩ ጎን የተጻፈውን፣ በጭነት ሰነዱም ላይ የሰፈረውን ቁጥር ነው። ይህን ለነጋዴ ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቆጠራል። ነገር ግን ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ የድርጅቱን ሒሳብ በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ባለሙያው ዲስኩን በተራው ይሁን በቁጥሩ እንዳስመዘገበለት ሲጠይቅ ከቶ አይሰማም። በበኩሌ ይህ ቸልታ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ነው እላለሁ።

ለማስረዳት ያህል ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልውሰድ። ሊኑክስን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠሩበት ይቻላል። በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ለማስቀመጥ ከሚገዙት ትንንሽ የዲስክ ሣጥኖች ብዙዎቹ በውስጣቸው የያዙት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ «እኔ ሊኑክስ የለኝም» የሚል ነጋዴ ሳያውቀው ባለቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሊኑክስ ከዩኒክስ የወረሰው አንድ ልማድ አለው፤ ይኸውም ከኮምፒዩተሩ ጋር የተገናኙትን አብዛኞቹን ዕቃዎች፣ ዲስኩንም ማተሚያውንም፣ እንደ ፋይል አድርጎ «ዴቭ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ስም ይሰጣቸዋል። ወደዚያ ስም የተጻፈው ነገር በቀጥታ ወደ ዕቃው ይሄዳል። ይህ ለባለሙያው ታላቅ ምቾት ነው፤ ስሙን የሳተ ግን ምሕረት አያገኝም። ራሱ ቶርቫልድስ ሥራው ገና በጅምር ሳለ በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውል ፈልጎ፣ ለሞደሙ የሚገባውን ትእዛዝ በስሕተት ለዲስኩ ሰጠ። የመደወያው ትእዛዝ በዲስኩ ላይ ተጻፈና ሚኒክስ የተባለውን ሥርዓት የያዘውን ክፍል አበላሸበት። ሥርዓቱን የፈጠረው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ በወር አንድ ጊዜ ወደ ሱቃችን ብቅ የሚለው ባለሙያ አይሳሳትም ብሎ መተማመን አይገባም።

ዋናው ችግር ያለው በስም አወጣጡ ላይ ነው። የሳታና የዩ ኤስ ቢ ዲስኮች በተገኙበት ተራ፣ የመጀመሪያው «ኤስ ዲ ኤ»፣ ሁለተኛው «ኤስ ዲ ቢ»፣ ሦስተኛው «ኤስ ዲ ሲ» እየተባሉ ይሰየማሉ። የመጨረሻዋ ፊደል እንግዲህ የመምጣት ተራ እንጂ የዲስኩ መታወቂያ አይደለችም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዕቃዎቹን በየፊናቸው በአንድ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ አንዱ ዲስክ ጥቂት ቢዘገይ ተራው ይለወጣል። ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባሉት አዳዲስ ዲስኮችም ስማቸው ሌላ ይሁን እንጂ ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደሉም።

አንድ የጅምላ ነጋዴ ሁለት የውጭ ዲስክ አለው እንበል። አንደኛው የዕለት ሒሳቡን፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ ቅጂውን ይይዛል። ባለሙያው በየወሩ መጨረሻ «ከኤስ ዲ ቢ ወደ ኤስ ዲ ሲ ገልብጥ» የሚል ትእዛዝ አስቀምጦለት ሄደ። ለብዙ ወራት መልካም ሠራ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁለቱ ዲስኮች ተራ ተለዋወጡ። በወሩ መጨረሻ ትእዛዙ ያለፈውን ወር አሮጌ ቅጂ አንሥቶ በአዲሱ ሒሳብ ላይ ይገለብጠዋል። የወሩ ሽያጭ፣ የዱቤ ደንበኞች ዕዳ፣ ለመጋዘን የገባው ዕቃ ቆጠራ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ስሕተት ተፈጸመ ብሎ አያስታውቅም፤ ነጋዴውም የሚያውቀው ምናልባት ዱቤ ሊሰበስብ መዝገቡን በገለጠበት ቀን ነው።

መድኃኒቱ ግን ከተገኘ ሰንብቷል። በዚያው አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ብቅ ያለው «ዩዴቭ» የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት ለአንዱ ዲስክ ከተራ ስሙ ሌላ የማይለወጡ ስሞች ይሰጠዋል። አንደኛው ፋብሪካው ከሰጠው ሞዴልና የመለያ ቁጥር የሚወጣ ነው። ሌላው ዩ ዩ አይ ዲ ይባላል፤ ይህም የፋይል ሥርዓቱ በዲስኩ ላይ ሲዘረጋ አብሮ የሚጻፍ ባለ 32 አኃዝና ፊደል መለያ ነው። ባለሙያው በትእዛዙ ውስጥ ከነዚህ አንዱን ቢጽፍ ኖሮ ተራው መቶ ጊዜ ቢለዋወጥ ጉዳት አይደርስም ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የተገለበጠ እንደሆነ ዩ ዩ አይ ዲውም አብሮ ስለሚገለበጥ፣ ሁለት ዲስኮች አንድ መለያ ይይዛሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያዋጣው የፋብሪካው ቁጥር ነው።

«አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ባለ ሱቅ ይህ ሁሉ ምን ይሆነዋል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ አያስጨንቀውም፤ ፍላሽ እስኪሰካበት ድረስ።

አስመጪዎችም ከዚሁ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ሊኑክስ በዩ ኤስ ቢ የተሰካን ዕቃ የሚለየው በካርቶኑ ላይ በታተመው የንግድ ስም አይደለም፤ ዕቃው ራሱ በሚያሳውቀው የአምራች ቁጥርና የምርት ቁጥር ነው፤ የሚስማማውን ድራይቨርም የሚመርጠው በዚሁ ነው። በአንድ የሞዴል ስም የሚሸጡ ሁለት የዋይፋይ መሣሪያዎች በውስጣቸው ልዩ ልዩ ቺፕ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ አንደኛው እንደተሰካ ሲሠራ ሁለተኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ኤል ሲ ከመከፈቱ አስቀድሞ ናሙና አስመጥቶ መሞከር፣ ቁጥሩንም በግዢው ውል ውስጥ ማስገባት ይገባል።

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣ ከባለሙያ ጋር ውል ስትዋዋሉ «ዲስኮች ሁሉ በመለያ ቁጥራቸው ይመዝገቡ» የሚል አንድ አንቀጽ አስገቡ። የየዲስኩ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ፤ በዲስኩም ጀርባ ይለጠፍ። ሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ከመድረሱ በፊትም ባለሙያውን ጠርታችሁ፣ ሁለቱን ዲስኮች ቀዳዳ አለዋውጦ ሰክቶ ኮምፒዩተሩን በፊታችሁ ያስነሣው፤ ቅጂው ወደ የትኛው ዲስክ እንደሚሄድም ያሳያችሁ።