አደይ አበባና የቀለም ባልዲው

 

እዚህ አርሲ ነገሌ ክረምት መውጣቱን ቀድሞ የሚያውቀው የጓሮዬ አጥር ነው። አደዩ ከሥሩ ብቅ ብቅ ይላል፣ ጎመኑ ይንዠረገጋል፣ ጤና አዳሙ ይሸታል። ጌሾዬም ለምልሟል፤ የነገሌን አረቄ ዝና የሰማ ለምን ተከልሽው አይለኝም፣ እኔ ግን የምሸጠው ቅጠሉን ብቻ ነው! ብዙዎቻችን ይህን ወቅት ፀደይ እንለዋለን። በአባቶች አቆጣጠር ግን ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ይባላል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ «ቢራ» ብለው ይገላገላሉ። የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ።

ከመስቀል በፊት የጎረቤቴ ልጅ አተኮሰው። እናቱ በአጥሩ በኩል ጠርታኝ፣ «ሲስተር፣ ብርድ መትቶት ነው መሰለኝ፤ ከእርስዎ ጓሮ የወሰድኩትን ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁት» አለችኝ። ዳማከሴውን አልነቀፍኩም። ግን «ነገ አትበይ፣ አሁኑኑ አስመርምሪው» አልኳት። ከጣቱ ጠብታ ደም ተወሰደ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ውጤቱ ታወቀ። ወባ ነው።

ለአዲስ ዓመት ላንጋኖ አካባቢ ዘመድ ቤት ሰንብተው ስለነበር፣ ከዚያ ይዞት መጥቶ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

የደመራ ዕለት ጠዋት አደይ ልቆርጥ ስወጣ ከጌሾው ሥር የተረሳ የቀለም ባልዲ አየሁ። ዝናቡ እስከ ግማሽ ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ውስጡ ይርመሰመሳል። አንዳንዶቹ እጮች ጭራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተዘቅዝቀዋል፤ እነዚህ የተለመዱት እንቅልፍ ነሺዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን ከውሃው ፊት ጋር ልክ ልክ ሆነው ተጋድመዋል። የወባ ትንኝ እጭ የሚተኛው እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሰብስቤ «ያቆረ ውሃ አፍስሱ» ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ከባልዲው ፊት አፍሬ ቆምኩ። ልጁን የነደፈችው የላንጋኖ ትሁን የእኔ ጓሮ፣ ማን ይነግረኛል?

«ነገሌ እኮ ደጋ ናት» የሚሉኝ አሉ። ከተማችን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በ1950 እና 51 ዓ.ም. የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ግን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያሉትን ደጋማ ቦታዎች ነው የመታው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ደግሞም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ነው።

እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮዬን እዞራለሁ፦ ባልዲ፣ አሮጌ ጎማ፣ የዶሮዎቹ መጠጫ፣ የተሰበረ እንስራ። የያዙትን ሁሉ ደፍቼ እገለብጣቸዋለሁ። በርሜሉንም እከድናለሁ። አጎበሩ እንደሆነ ከአልጋዬ አይወርድም።

ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል። ባለፈው ቅዳሜ አብሮኝ ሲዞር ቆይቶ፣ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ።

«እማማ ሲስተር፣ ይቺም ውሃ ይዛለች!»

አብረን ደፋናት።