ጥርስ ስለ ማንጣት

ከተማሪው መካከል ጥርሱን በሎሚ የሚያሸው፣ በከሰል የሚፈገፍገው በዝቷል። እኛ ይህን አንደግፍም። ሎሚው የጥርሱን ልባስ ይበላዋል፣ ከሰሉም ይፍቀዋል፤ ያለቀ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ለሻይና ለቡና እድፍ የወይራ መፋቂያ መች አነሰ? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድስ በእርግጥ ያነጣል፤ ነገር ግን ሐኪም ሲይዘው ነው፣ ንጣቱም ለዘለቄታ አይደለም። በደብረ ታቦር አገር እናቶች ድዳቸውን እየተነቀሱ ጥርሳቸውን ነጭ ያስመስላሉ፤ ብልሃቱ ያምራል፣ ግን አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲሆን የጉበት በሽታ ያጋባል።

ከስምጥ ሸለቆ የመጡት ጓደኞቻችንሳ? ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለ በዛበት እንጂ ባለመፋቃቸው አይደለም። እድፉ ከውስጥ ነውና ፍትጊያ አያስለቅቀውም። በመኝታ ቤቱ የሚቀለድባቸው ቀልድ ዛሬውኑ ይቁም፤ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚከድኑት እርሱን ፈርተው ነው።